ውኃ በ94 ዲግሪ በሚፈላበት ከተማ ጎድን እንዴት ይጠበሳል?

ኢንተርኔት ላይ ያለው የጎድን ባርቤኪው አሠራር አብዛኛው የተጻፈው ለአሳማ ጎድን ነው፤ ያውም ስድስት ወር ገደማ ተቀልቦ ለታረደ፣ ከመብላትና ከመተኛት በቀር ሥራ ለማያውቅ አሳማ። ባሕር ዳር ሥጋ ቤት የሚሰቀለው ሌላ ነው። ከፎገራ ሜዳ ወይም ከጎጃም በኩል የሚመጣው በሬ ብዙ ጊዜ ለዓመታት ያረሰ ነው፤ የጎድኑ ጅማት ወፍራም፣ በሥጋው መካከል የሚገባው ስብ ግን ስስ ነው። በዚያ ላይ ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ስለዚህ «ሁለት ሰዓት ይበቃዋል» የሚለው አሠራር እዚህ ሲሞከር ጥርስ የሚፈትን ጎድን ቢወጣ የጠባሹ ጥፋት አይደለም። ሰዓቱ የተለካው ለሌላ ሥጋና ለሌላ አገር ነው።

ጎድን ሁለት ሥራ ይፈልጋል፤ ማለስለስና ማቅላት። ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘው ጅማትና ሽፋን በአብዛኛው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ይህ ነገር ከ70 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ጄላቲን ይለወጣል፤ የቅቅል መረቅ ሲያድር የሚረጋው በእርሱ ምክንያት ነው። ሙቀቱ ወደ 90 ሲጠጋ ለውጡ ይፈጥናል፣ ግን ያኔም ቢሆን የሚፈልገው ሰዓታትን ነው። ማቅላት ደግሞ ተቃራኒው ነው። የጥብስ ሽታና ቀለም የሚመጣው የሥጋው ላይ ከ140 ዲግሪ በላይ ሲግል ነው፤ ላዩ ርጥብ እስከሆነ ድረስ ግን ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ከ94 ብዙ አይዘልም። አንዱ ርጥበትና ጊዜ፣ ሌላው ድርቀትና ኃይለኛ እሳት ይሻል። ባንድ እሳት ባንድ ጊዜ ሁለቱን ለመሥራት መሞከር ነው ላዩን አሳርሮ ውስጡን ጎማ የሚያደርገው። ለአሳ ጥብስ የለመደ እጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የጣና ቆሮሶ በጋለ ዘይት በደቂቃዎች ያልቃል፣ የበሬ ጎድን ግን በእሳት ብዛት አይቸኩልም። ከዚህ በታች ያሉት ዘዴዎች ሁሉ እነዚህን ሁለት ሥራዎች በተለያየ መንገድ የሚያስተካክሉ ናቸው።

ሥጋ ቤት ላይ

በሬም በግም 13 ጥንድ ጎድን አለው። ከፍሪምባው ወደ ላይ ያለው፣ ሥጋው አጥንቱ ላይ ሁለት ጣት ያህል የሚወፍረው ክፍል ለዚህ ሥራ ተመራጭ ነው። ሥጋው ተገፎ አጥንት ብቻ የቀረውን ለሾርባ ተዉት። ከአጥንቱ ጋር ስለሚመዘን ለአንድ ሰው ከ400 እስከ 500 ግራም ይቆጠራል፤ 2 ኪሎ ለአራት፣ ቢበዛ ለአምስት ሰው ነው።

በመጥረቢያ ሳይሆን በመጋዝ እንዲቆረጥ ጠይቁ። መጥረቢያ አጥንቱን ይሰነጥቀዋል፤ ስንጣሪው ድስት ውስጥ ይቀርና በኋላ የሚገኘው ጥርስ ላይ ነው። ርዝመቱ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ድስትም ፍርግርግም ይመቸዋል።

የታረደበት ቀንም ዋጋ አለው። ሥጋ ከታረደ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይገትራል፣ እስከ ማግስቱም እንደገተረ ይቆያል። ዛሬ የታረደ የበሬ ጎድን ተሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቢያድር ልዩነቱ በግልጽ ይታወቃል። የበዓል በግም እንዲሁ ነው፤ በታረደበት ቀን ዱለቱና የለስላሳው ሥጋ ጥብስ ይበቃል፣ ጎድኑ ለማግስቱ ይደር።

በአጥንቱ ውስጠኛ ጎን ላይ የተለጠፈ ስስ ሽፋን አለ። በማንኪያ ጀርባ ጫፉን አላቅቆ በጨርቅ ወይም በደረቅ ሶፍት ጨብጦ መጎተት ነው፤ በባዶ እጅ ያንሸራትታል። ከበግ ጎድን ላይ ሳይነሳ ቢቀር ብዙ አይጎዳም። ከበሬው ካልተነሳ ግን ሲጠበስ እንደ ብራና ይደርቃል፣ ቅመምም አያሳልፍም።

ጨው፣ ሎሚና ፓፓያ

ጨው ለአንድ ኪሎ ከነአጥንቱ ሁለት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ፣ 12 ግራም ገደማ። ወይ ከ40 ደቂቃ በፊት፣ ቢቻል ከማታው ጀምሮ፣ ካልሆነ ልክ እሳት ላይ ሲወጣ ይነስነስ። መካከሉ መጥፎ ጊዜ ነው፤ ጨው መጀመሪያ ውኃ ከሥጋው ያወጣል፣ ቆይቶ ነው ተመልሶ የሚገባው፣ ውኃው ወጥቶ ባለበት ሰዓት እሳት ላይ ከዋለ አይቀላም።

ሎሚ ሥጋ ያለሰልሳል የሚባለው ከልክ በላይ ተጋኗል። የዘጌ ሎሚ ለጣዕም የሚመሰገን ነው፤ አሲዱ ግን ከሥጋው ጥቂት ሚሊ ሜትር አያልፍም፣ ካደረ ደግሞ ላዩን አመድማና እንደ ዱቄት የሚፈርስ ያደርገዋል። ሁለት ሰዓት ይበቃል። በእውነት የሚያለሰልሰው ያልበሰለ ፓፓያ ነው፤ ነጩ ወተቱ ፓፓይን የሚባል ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም አለው። ለአንድ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈገፈገ አረንጓዴ ፓፓያ ለ30 ደቂቃ ተቀብቶ ይታጠባል። ቢያድር ላዩ ይላሽቃል፣ ውስጡ ግን እንደነበረ ይቀራል። ለበግ አያስፈልግም።

ድስት፣ ከዚያ ከሰል

የሚሳሳትበት ቦታ ጥቂት ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ከዚህ ይጀምር። 2 ኪሎ የበሬ ጎድን በቀዝቃዛ ውኃ ይጣዳል፤ ውኃው ሥጋውን ለጥቂት ይሸፍነው። ሲፈላ የሚወጣው አረፋ ለ10 ደቂቃ ያህል ይገፈፋል። ቀጥሎ አንድ ትልቅ ሽንኩርት ለሁለት ተከፍሎ፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ ስድስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ፍሬ የተፈነከተ ኮረሪማ ይገባል። ሥጋው አስቀድሞ ጨው ካልነካው ጨውም አሁን ይጨመር። ከዚያ እሳቱ ይቀነስና ድስቱ ይከደናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው እሳቱን አይቀንስም። ድስቱ ቢንተከተክም ቢንቀጠቀጥም ውኃው ከ94 ዲግሪ አያልፍም። ኃይለኛ እሳት የሚጨምረው ሙቀት የለም፤ ውኃውን ይጨርሳል፣ መረቁን ያደፈርሳል፣ ከሰሉንም ይበላል። ላዩ አልፎ አልፎ ብልጭ የሚል አረፋ ካሳየ በቂ ነው።

ወጣት ከብት ከሆነ ሁለት ሰዓት ግድም፣ ያረሰ በሬ ከሆነ ሦስት ሰዓት፣ አንዳንዴም ሦስት ተኩል። ሰዓት ከማየት ሥጋውን ማየት ይሻላል፦ ከአጥንቱ ጫፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሸሽና ቢላ ያለ ግፊት ሲገባ ደርሷል። ከአጥንቱ ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ መጠበቅ ስሕተት ነው፤ ፍርግርግ ላይ ሲገለበጥ ሥጋው ፍም ውስጥ፣ አጥንቱ እጅ ላይ ይቀራል።

ፕሬዠር ኩከር ያለው ሰው የከፍታውን ችግር ይሻገረዋል። በውስጡ የታመቀው እንፋሎት ሙቀቱን ወደ 115 ዲግሪ አካባቢ ስለሚያደርሰው የበሬ ጎድን ማፏጨት ከጀመረ በኋላ ከ45 እስከ 55 ደቂቃ፣ የበግ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ሲያልቅ ከእሳት ወርዶ በራሱ ይብረድ። እንፋሎቱ በጉልበት ከተለቀቀ ግፊቱ ድንገት ስለሚወርድ በሥጋው ውስጥ ያለው ውኃ ባንዴ ይፈላና ደረቅ ጎድን ያወጣል።

ከበሰለ በኋላ ጎድኑ መረቁ ውስጥ 20 ደቂቃ ይቀመጥ፣ ከዚያ ወጥቶ ወንፊት ወይም ሰፌድ ላይ ይንጠፈጠፍ፣ በጨርቅም ይደረቅ። ይህን የዘለለ ሰው ፍርግርግ ላይ ቀለም ፍለጋ ሲቆይ ሥጋውን ያደርቀዋል። መካከለኛ ኃይል ባለው ፍም ላይ በየሁለት ደቂቃው እየተገላበጠ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይጠበሳል። መረቁ አይደፋ።

ማባያው

በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት የተከተፈ አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና አንድ የሻይ ማንኪያ ዝንጅብል ይቁላላ፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ከትንሽ መረቅ ጋር ገብቶ እየተማሰለ አምስት ደቂቃ ይብሰል። ጥሬ ጥሬ የሚል በርበሬ የቀረውን ሁሉ ያበላሻል። ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ መረቅ ተጨምሮ ማንኪያ ጀርባ ላይ እስኪይዝ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይንተክተክ። ሎሚው፣ የሁለት ፍሬ ጭማቂ፣ ከእሳት ሲወርድ ነው። ኮረሪማ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቢጨመር ለጎድን ይስማማዋል።

ይህ የሚቀባው በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ብቻ ነው፣ ሁለት ጊዜ በስሱ። ማርና በርበሬ ከሥጋው ቀድመው ያርራሉ። ከመጀመሪያው የተቀባ ጎድን በሩብ ሰዓት ጠቁሮ መራራ ይሆናል፣ ያየውም ሰው በስሏል ብሎ ያወርደዋል። ጣፋጭ ነገር ከሥጋ ጋር የማይወድ ደግሞ አለ፤ እርሱ ማሩን ትቶ በአዋዜ ይብላ፣ ምንም አይጎድልበትም።

ኦቨንና ኮባ

ለድፎ ዳቦ የሚገዛው ኮባ ለጎድን ከፎይል የተሻለ ጠቀሜታ አለው፦ ርጥበት ይይዛል፣ የራሱንም ደስ የሚል ሽታ ይሰጣል። ቅጠሉ በእሳት ላይ እየተላለፈ ይጠውልግ፣ አለዚያ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ጨውና ቅመም የገባው ጎድን በሁለት ድርብ ኮባ ይጠቀለላል፤ መጋገሪያ ትሪ ላይ ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ፈስሶ፣ ትሪው በፎይል ወይም በክዳን ይታፈናል። በ150 ዲግሪ የበሬ ጎድን ከሦስት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ የበግ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት። ከዚያ ተገልጦ፣ ማባያ ተቀብቶ፣ በ220 ዲግሪ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ።

ለማፍጠን 200 ዲግሪ ላይ መጣድ አይጠቅምም። ጥቅሉ ውስጥ ርጥበት እስካለ ሥጋውን የሚያበስለው እንፋሎት ነው፣ እንፋሎቱም ያው የ94 ዲግሪ ነው። ውኃው ቶሎ ያልቅና ኮባው ያርራል እንጂ ጅማቱ አይቸኩልም።

መብራት መካከል ላይ ከጠፋ በሩ አይከፈት፤ የጋለ ኦቨን ለግማሽ ሰዓት ያህል ሥራውን ይቀጥላል። ከዚያ ካለፈ ጎድኑን ከነጭማቂው ድስት ውስጥ ገልብጦ ብርጭቆ ውኃ ጨምሮ በጋዝ ወይም በከሰል መጨረስ ነው። ግማሽ የበሰለ ሥጋ ለብ ባለ ኦቨን ውስጥ መብራት ሲጠብቅ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ባክቴሪያ የሚራባው በዚያ ሙቀት ነው።

ከሰል ብቻ

ከሁሉ የሚከብደውና ለሚታገሥ ሰው ከሁሉ የሚጣፍጠው ይኸኛው ነው። የሚያስፈልገው ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል (ቀለም ወይም ኬሚካል ያልነበረበት)፣ የብረት ፍርግርግና ክዳን ነው። ለአጥር የሚሸጠው ዚንክ የተነከረ ሽቦ ፍርግርግ አይሆንም፤ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ጤናን ይጎዳል። ለክዳን የቆርቆሮ አክንባሎ ግሩም ነው፤ ቅርጹ ሙቀቱን ወደ ሥጋው ይመልሳል። ጫፉን በአንድ ጎን በጠጠር ከፍ አድርጎ አየር መግቢያ መተው ነው።

ከሰሉ በአንድ ጎን ይከመራል፣ ሥጋው በሌላው ጎን፣ አጥንቱ ወደ ታች ሆኖ ይደረደራል፤ ከሥጋው ሥር ፍም አይኖርም። ለአራት ሰዓት ሥራ ከሁለት ኪሎ በላይ ከሰል ያስፈልጋል። ከአዊ የሚመጣው፣ ዲከረንስ ከሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍ የሚከሰለው ከሰል ለማቀጣጠል ቀላል ነው፤ ድቃቂው ግን ይለይ፣ አየር ያፍናል። በየ30 እና 40 ደቂቃው ሌላ ፈርኔሎ ላይ የተቀጣጠለ ከስድስት እስከ ስምንት ፍሬ ይጨመራል። ያልተቀጣጠለ ጥሬ ከሰል ከተጨመረ ክፉ ጭስ ሥጋው ላይ ያርፋል። በላምባ ወይም በፌስታል የተለኮሰ ከሰል ሽታውን ለሥጋው ያወርሳል።

ቴርሞሜትር የሌለው ሰው መዳፉን ሥጋው ባለበት በኩል ከፍርግርጉ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ይቁጠር። ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ከቻለ ሙቀቱ ከ120 እስከ 150 ነው፣ ደህና ነው። በሦስት ሰከንድ እጁን ካነሣ ለማቅላት እንጂ ለማለስለስ አይሆንም። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሣው ንፋስ ይህን ቁጥር በደቂቃዎች ይለውጠዋል፤ ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ጠዋቱን የሚመርጡበት ምክንያት ለጠባሹም ይሠራል። ጠዋት መጀመር፣ ካልሆነም የአየር መግቢያውን ከሐይቁ በተቃራኒ ማዞር ነው።

ለጭሱ ወይራ። የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ የሚታጠንበት ወይራ ለጎድንም ተመራጭ ነው፤ አውራ ጣት የሚያህል ሦስት ወይም አራት ደረቅ ስንጣሪ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ፍም ላይ ይደረጋል። ሥጋው ጭስ የሚቀበለው ላዩ ገና ቀዝቃዛና ርጥብ ሳለ ነው፤ በኋላ ማጨስ ትርፉ መራራነት ነው። ሰማያዊ የሚመስል ስስ ጭስ ጥሩ፣ ነጭ ድፍን ጭስ አየር እንዳነሰው ምልክት። ባሕር ዛፍና ጥድ ዘይትና ሙጫ ስላላቸው ሥጋውን መድኃኒት መድኃኒት ያሰኙታል።

ሁለት ሰዓት ገደማ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይመጣል። የሥጋው ውስጥ 65 ወይም 70 ዲግሪ ላይ ደርሶ ለአንድ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ፣ ንቅንቅ አይልም። እሳቱ አልሞተም። ሥጋው እንደ ሠራተኛ ሰው እያላበው ነው፤ ከላዩ የሚተንነው ውኃ የሚመጣውን ሙቀት ያህል ይወስዳል። በዚህ ሰዓት ከሰል መከመር ላዩን ማሳረር ነው። ወይ መታገሥ፣ ወይ በኮባና በፎይል ጠቅልሎ ትነቱን ማስቆም ነው፤ ጥቅሉ ቅርፊቱን ትንሽ ያለሰልሳል፣ በምትኩ አንድ ሰዓት ያተርፋል። የውጭዎቹ መመሪያዎች የበሬ ጎድን ውስጡ 95 ወይም 96 ሲደርስ ይውጣ ይላሉ። ባሕር ዳር ላይ ይህ ከውኃ መፍያ በላይ ስለሆነ ርጥብ ሥጋ አይደርስበትም፤ የሚጠብቅ ሰው ሥጋውን አድርቆ ነው የሚያገኘው። ከ88 እስከ 91 ባለው ውስጥ በቢላ ጫፍ መሞከር ይጀመር።

ከሰል ቤት ውስጥ፣ በረንዳው ዝግ ከሆነም በረንዳ ላይ አይነድም። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ በክረምት ዝናብ ሲያስገድድ መስኮት መክፈት አይበቃም፤ ያን ቀን በድስት መሥራት ነው።

ግቢ ለሌለው

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለ ሰው ጎድኑን በሰፊ ብረት ድስት በጥቂት ውኃ አብስሎ፣ ሲለሰልስ ክዳኑን ከፍቶ ውኃው እንዲያልቅ ቢያደርግ ሥጋው በራሱ ስብ መጠበስ ይጀምራል። ከዚያ እየተገላበጠ 10 ደቂቃ፣ የጥብስ ቅጠል ጨምሮ። ጭሱ ካማረው ሌላ ባዶ ድስት በሚጤስ ወይራ ላይ ደፍቶ አጥኖ፣ ትኩሱን ጎድን ገልብጦ 10 ደቂቃ ከድኖ ማቆየት ነው። የከሰሉን ያህል አይሆንም፣ ግን ያታልላል።

የበግ ጎድን ብቻ ነው ያለ ቅድመ ማብሰል በቀጥታ ፍም ላይ የሚሆነው፣ ያውም ጠቦት ከሆነ። ሁለት ሁለት አጥንት እየተለየ፣ ስብ ያለበት ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ ተጀምሮ፣ መካከለኛ ፍም ላይ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ። ስቡ ሲንጠባጠብ ነበልባል ይነሣል፤ ውኃ መርጨት አመዱን ሥጋው ላይ ያነሣዋል፣ ይልቅ ሥጋውን ገለል አድርጎ ነበልባሉ እስኪሞት ክዳን መድፋት ነው። የፍየል ጎድን ስብ ስለሚያንሰው በዚህ መንገድ ይደርቃል፣ መጀመሪያ ድስት ይግባ።

የተረፈ ጎድን ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል። ሲሞቅ ሁለት ማንኪያ መረቅ ተጨምሮ ተከድኖ በቀስታ እሳት 15 ደቂቃ፣ ማባያው ከዚያ በኋላ ይቀባ።